ከጉሮሮ ተነሥቶ ልብን ስለሚጐዳ ሕመም

የልብ በሽታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዕድሜው የገፋውን፣ ሰውነቱ የወፈረውንና ሐሳብ የበዛበትን ሰው ነው። ነገር ግን በአገራችን ልባቸው ከታመመባቸው መካከል ገና ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለሱ ልጆች ብዙ ናቸው። ለዚህም አንዱ ዋና ምክንያት ሩማቲክ የተባለው የልብ ሕመም ሲሆን፣ መነሻው በየቤቱ እንደ ቀላል ነገር የሚታየው የጉሮሮ ሕመም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ረቂቅ ተውሳክ በልጁ ጉሮሮ ውስጥ ሲገባ፣ የሰውነት ጠባቂ ኀይል ሊዋጋው ይነሣል። ይህ የሰውነት መቈጣት ብግነት ይባላል፤ ቤትን ከሌባ እንደሚጠብቅ ዘበኛ ስለሆነ በራሱ ክፉ አይደለም። ይሁን እንጂ ተውሳኩ በአንዳንድ ነገሩ የልብን ሥጋ ስለሚመስል፣ በአንዳንድ ልጆች ዘንድ ዘበኛው ወዳጅን ከጠላት መለየት ተስኖት ልብንም ይመታል። ይህም የሚሆነው ጉሮሮው ከታመመ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለሆነ፣ ወላጆች ሁለቱን ሕመሞች አያገናኟቸውም።

በዚያን ጊዜ ልጁን ያተኵሰዋል፤ ጕልበቱን፣ ቀጥሎም ቍርጭምጭሚቱን ወይም ክርኑን እየተዘዋወረ ያመዋል። አንዳንዱም ልጅ ሳይፈልግ እጁና ፊቱ እየተወራጨ ብዕሩ ይወድቅበታል፤ አስተማሪውም እንደ ረባሽ ይቈጥረው ይሆናል። መገጣጠሚያው ይድናል፤ የልብ በሮች ግን ጠባሳ ይዘው ሊቀሩ ይችላሉ። ልባችን ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክሉ 4 በሮች አሉት፤ ሕመሙ በተመላለሰ ቍጥር እነዚህ እየደነደኑ ወይ ይጠባሉ፣ ወይ ያፈሳሉ። ጉዳቱም ለዓመታት ተሰውሮ ቈይቶ በትንፋሽ ማጠር፣ በሴቶችም ዘንድ አንዳንድ ጊዜ በእርግዝና ወራት ይገለጣል።

ይህ ሕመም በመጀመሪያ ጊዜ በይበልጥ የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። ብዙ ልጆች በአንድ ክፍል ሲማሩና በአንድ መኝታ ሲያድሩ ተውሳኩ በቀላሉ ይተላለፋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሳልና ንፍጥ ያለበት የጉሮሮ ሕመም ብዙውን ጊዜ ተራ ጉንፋን ነው። ትኵሳት ያለው፣ ሳል የሌለው፣ መዋጥ የሚያስቸግርና ከአንገት ሥር ንፍፊት የሚያወጣ ሲሆን ግን ልጁን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ቢጀመርለት፣ አብዛኛውን ጊዜ ልቡ ከጉዳት ይጠበቃል። የሚዋጥ መድኃኒት የታዘዘለትም ሕመሙ ቢተወው እንኳ 10ሩን ቀን ይፈጽም። እንጥል ማስቈረጥ ግን ደም መፍሰስንና ሌላ ቍስልን ያመጣል እንጂ ተውሳኩን አያጠፋም።

ሕመሙ አንድ ጊዜ ልቡን የነካው ልጅ ደግሞ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለብዙ ዓመታት ያስፈልገዋል። ብዙዎች ይህን የሚያቋርጡት ልጁ ጤነኛ መስሎ ሲታያቸው ነው። መርፌው የሚሰጠው ግን ያለፈውን ለመፈወስ ሳይሆን የሚመጣውን ለመከልከል ነው። የዓለም ጤና ጉባኤም በግንቦት ወር 2010 ዓ.ም. ስለዚህ ሕመም ውሳኔ ሲያሳልፍ፣ አገሮች ሁሉ ይህን መከላከያ እንዲያጠናክሩ ጠይቋል። የተበላሸን የልብ በር በቀዶ ሕክምና ማደስ ወይም መለወጥ ወጪው ብዙ፣ ተራውም ረጅም ሲሆን፣ ፔኒሲሊን ግን ርካሽ መድኃኒት ነው።

ስለዚህ እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ የምትውሉ ወላጆች፣ የልጃችሁን የመርፌ ቀን በጠረጴዛችሁ ላይ ባለው የቀን መቍጠሪያ አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ለዚያም ግማሽ ቀን ፈቃድ ከመጠየቅ አትቦዝኑ። ከዘመድ ዘንድ መጥቶ በቤታችሁ የሚማረውን፣ በሥራም የሚያገለግላችሁን ልጅ ከዚህ ጥንቃቄ እንዳትለዩት አደራ እንላለን። ጉሮሮዬን አመመኝ ብሎ ለመናገር ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው እርሱ ነውና።