ፉከራና ጎተራ

የሥነ ቃል ምዕራፍ ሲደርስ የማስተምርበት ክፍል መልኩ ይለወጣል። ምንባብ አንብብ ሲባል ድምፁ ከጥርሱ የማያልፍ ልጅ፣ ፉከራ ሲባል የሰሌዳ ማስመሪያውን እንደ ጦር ነጥቆ ወለሉን እየረገጠ ይወጣል። እኛ የይፋግ ከተማ ሰዎች ለዚህ አንታማም።

ልብ ብዬ የማየው አንድ ነገር አለ። ልጁ ከጀብዱው በፊት የሚጠራው የእህቱን ስም ነው፤ የእገሊት ወንድም ነኝ ይላል። እህቱ እዚያው ክፍል ካለች አንገቷን ደብተሯ ውስጥ ትቀብራለች። ሲጨርስ «ግዳዩስ የታል?» እለዋለሁ። በጥንቱ ሥርዓት ፉከራ ወታደር ከዘመቻ መልስ በጌታው ፊት ግዳይ ጥሎ የሚሰጠው ቃል ነበር። ሹመትም ሽልማትም የሚጠበቀው በዚያ ነው፤ የዋሸ እንደሆነ አብሮት የዘመተው ሰው አፉን ያስይዘዋል። ዛሬ በሰርግ ቤት የሚፎክረውን ማን ያስይዘዋል?

ወደ ድርሰቱ ስንሻገር ደግሞ ሁሉም አጼ ቴዎድሮስን ካልሆንኩ ይላል፤ ያውም የመቅደላውን፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጥ የጠጡትን ቴዎድሮስ። አልፈርድባቸውም። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ» ወንድነትን ከእኚህ ንጉሥ ጋር አስተሳስረው አሳድገውናል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ለጻፈ ደራሲ እጅ አልሰጥም ያለ ንጉሥ ያስፈልገው ነበር።

ግን እኛ ያለነው በጌምድር ነው። የቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል የተሠራው እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው። ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፍ ገደል ለገደል እስከ መቅደላ የጎተተው የሰው ጉልበት ነው፤ ስሙ በየትኛውም ቀረርቶ የለም። አጼው በነገሡ ሰሞን ወታደር ገበሬውን እንዳይዘርፍ ያሉ ሰው ነበሩ። የኋላ ኋላ ግን በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘረፉ፤ በ1860 መባቻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወጡ። አለቃ ወልደ ማርያም በዜና መዋዕላቸው የአገሩን መከራ አልሸሸጉም። ይፋግም በዚያ ዘመን ስመ ጥር ገበያ ነበረች፤ ጦር ያለፈበት ገበያ ምን እንደሚመስል ለነጋዴ ልጅ አይነገረውም።

የሚገርመኝ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በራስ እምሩ ጦር ዘምተው፣ ተማርከው ጣሊያን አገር የታሰሩት እኚህ ሰው፣ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ ጦርነት የሚናፍቀውን ሰው መሳቂያ አደረጉት። ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎቻቸውን ሊወጉ ወጥተው በገበሬዎቹ፣ በነአበጀ በለው እጅ ሲወድቁ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ማስመሪያውን የነጠቀው ልጅም ይስቃል። ጦርነትን ያየ ደራሲ እንዲህ መጻፉ ለእኔ ከማንኛውም ተውኔት ይበልጥብኛል፤ ይህን ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ።

ለቤት ሥራ የምሰጠው ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው፦ ጦር መጣ ሲባል ጎተራዋን ገልብጣ እህሏን ጉድጓድ የቀበረች፣ ልጆቿንም ከረሃብ ያተረፈች ሴት ብትፎክር ምን ትል ነበር? ወንዶቹ ያጉረመርማሉ። አንዲት ተማሪ ግን ከወንድሟ ስም ጀምራ፣ የቀበረችውን ጤፍ በቁና በቁና እየቆጠረች እንደ ግዳይ ጣለችው። ሙሉ ማርክ ሰጠኋት።

ባለማስመሪያው አልተዋጠለትም። «መምህር፣ ፉከራ ያለ ምስክር አይሆንም ብለውን የለም? ጉድጓዱን ሰው ካየውማ ወታደሩም ያገኘዋል» አለኝ። ልክ ነው፤ የእሷ ሙያ የሚሠምረው ማንም ሳያየው ሲቀር ነው። ለእሱም ማርክ ጨመርኩለት፤ ለምን እንዲህ ያለ ፉከራ አልደረሰንም የሚለውን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እሱ ራሱ ያስረዳል።