በእንግሊዝኛ ስምን ስለሚወስኑ ሁለት ቃላት

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከስም አስቀድመው የሚነገሩ ሁለት አጫጭር ቃላት አሉ፤ እነርሱም «ዘ» እና «ኤ» ናቸው። የሰዋስው መምህራን አርቲክል ይሏቸዋል። «ዘ» የተገኘው በጥንቱ እንግሊዝኛ «ያ» የሚል ትርጕም ከነበረው አመልካች ቃል ነው፤ «ኤ» ደግሞ «አንድ» ከሚለው ቍጥር ነው። ትውልዳቸው ዛሬም ሥራቸውን ይገልጻል። «ዘ» ሰሚው ለይቶ የሚያውቀውን ነገር ያመለክታል፤ «ኤ» ግን ከብዙዎቹ መካከል ገና ያልተለየውን አንዱን ወደ ንግግሩ ያስገባል።

አማርኛም ይህን ልዩነት በቃሉ መድረሻ ይገልጻል። «በሬ ገዛ» ሲባል በሬው ለሰሚው እንግዳ ነው፤ «በሬውን ገዛ» ሲባል ግን አስቀድሞ የተነገረለት በሬ መሆኑን ይረዳል። ስለዚህ ተማሪው «በሬው» የሚለውን በ«ዘ»፣ «በሬ» የሚለውን በ«ኤ» ቢተረጕም ብዙ ጊዜ ይቀናዋል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። «ፀሐይ ወጣች» ሲል አማርኛው ምንም አይጨምርም፤ ፀሐይ አንዲት ብቻ ስለ ሆነች እንግሊዝኛው «ዘ»ን ይፈልጋል። «ውሃ ጠጣ» በሚለውም ውሃ የማይቈጠር ነገር ስለ ሆነ «ኤ» አይገባበትም፤ ስሙ ብቻውን ይቆማል። እንግዲህ ተርጓሚው ሰሚው ነገሩን ለይቶ ያውቀው እንደ ሆነና ነገሩም የሚቈጠር እንደ ሆነ አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል።

የዚህች ትንሽ ቃል መቅረት የሚያስነሣውን ክርክር፣ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ኅዳር 12 ቀን 1960 ዓ.ም. በአንድ ድምፅ ያጸደቀው 242ኛው ውሳኔ ያስረዳል። ኢትዮጵያም ያን ጊዜ የምክር ቤቱ አባል ነበረች። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የእስራኤል ጦር በ1959 ዓ.ም. ጦርነት ከተያዙ ግዛቶች ስለ መውጣቱ ሲናገር፣ «ግዛቶች» ከሚለው ቃል በፊት «ዘ»ን አላኖረም፤ በፈረንሳይኛው ግን አርቲክል አለ። አንዳንዶች እንግሊዝኛውን ይዘው፣ ከግዛቶቹ ሁሉ እንዲወጣ አልተባለም አሉ። ሌሎች ደግሞ ፈረንሳይኛውንና ግዛትን በጦርነት መያዝ ተቀባይነት የሌለው መሆኑን የሚናገረውን መቅድም ጠቅሰው፣ ከሁሉም ነው ሲሉ ተከራከሩ።

ይህን ቃል ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰውም «ከተያዙ ግዛቶች» ወይም «ከተያዙት ግዛቶች» ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። በአንዲት «ት» መጨመር ወይም መቅረት፣ ሳያስበው ከተከራካሪዎቹ ለአንደኛው ወገን ይፈርዳል።