አንዷ ሳትነሣ ሌላው አይፈታ

ቱሉ ዲምቱ ባለው ግቢያችን አንድ ቮልስ፣ አንድ ፊያትና አንድ ላዳ ቆመዋል። ሦስቱም ተፈትተዋል፤ አንዳቸውም አይሄዱም። ባለቤቴ የአንዱ ዕቃ ሲጠፋ ሌላውን ይፈታል።

ሐሳቡ ክፉ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወድዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያለውን ማደስ ብልህነት ነው። የድሮዋ ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር እንኳ አያስፈልጋትም።

ባለፈው መስከረም ግን ለልጃችን ትምህርት ቤት ያስቀመጥነው ገንዘብ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ቀረ። ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ወጪውን ይቆጥራል ብሎ የሚሰብከው ባለቤቴ መልስ አልነበረውም። ሁለት ቀን ተኳረፍን።

በሦስተኛው ምሽት ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። ቮልሷ ሳትነሣ ሌላው አይነካም፤ የየመኪናው ብሎን በየጣሳው ስም ተጽፎበት ይቀመጣል፤ ዕቃ የሚገዛውም ሁለታችን ስንስማማ ነው።

እኔም ጥፋት ነበረብኝ፤ ስለ ገንዘቡ እንጂ ስለ ሥራው ጠይቄው አላውቅም። ቅዳሜ የእጅ ባትሪ ይዤለት፣ «ካርቡሬተር ምን ያደርጋል?» አልሁት። «ቤንዚንና አየርን በልኩ ይቀላቅላል፤ አንዱ ከበዛ ሞተሩ አይነሣም» አለኝ።

እኅቶቼ፣ ቮልሷ ገና አልተነሣችም። እኛ ግን መነጋገር ጀምረናል።