ጊዜ ጠባቂው ቺንጊያ

በአራት ምት በሚሠራ ሞተር ውስጥ ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ይህ ሕግ በአንዲት ጥርስ እንኳ ቢዛነፍ፣ ነዳጅና አየር የሚገባባቸው ጢስም የሚወጣባቸው ቫልቮች ከጊዜያቸው ቀድመው ወይም ዘግይተው ስለሚከፈቱ የሞተሩ ኃይል ይባክናል። በማኅሌት ላይ ከበሮውና ጸናጽሉ እኩል እንዲወድቁ መሪጌታው እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ በብዙ አሮጌ አውቶሞቢሎች ውስጥ ይህን ኅብረት የሚጠብቀው ታይሚንግ ቤልት የሚባለው ባለጥርስ የጎማ ቺንጊያ ነው። ቀድሞ ይህን ሥራ የሚሠራው የብረት ካቴና ነበረ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. ግላስ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ የጎማውን ቺንጊያ ለገበያ ባወጣው አውቶሞቢል ላይ ካዋለው ወዲህ ግን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ዘይትም የማይሻ በመሆኑ ብዙዎች ተከተሉት።

ካቴና ሲላላ እየተንኳኳ ባለቤቱን ያስጠነቅቃል፤ ቺንጊያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ኖሮ በድንገት ይበጠሳል። ስለዚህ ብዙ ፋብሪካዎች እንደየሞተሩ ከ60,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንዲለወጥ ያዝዛሉ፤ መኪናው ቆሞ ቢውልም ጎማ በዕድሜው ይደርቃልና ዓመታቱም ይቈጠራሉ። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው መቼ እንደተለወጠ የሚያስረዳ ማስረጃ ካላገኘ፣ ጨርሶ እንዳልተለወጠ ቈጥሮ ቢነሣ መልካም ነው፤ በብዙ ሞተሮች ቺንጊያው ሲበጠስ ፒስተን ከተከፈተ ቫልቭ ጋር ይጋጭና ቴስታታ እስከ ማስወረድ ያደርሳልና። የቶዮታ ኮሮላ 1.6 ሊትር 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ግን ፒስተንና ቫልቭ እንዳይገናኙ ሆኖ ስለተሠራ፣ ሥራውን በገዛ ግቢው ለሚማር ሰው የተመቸ ነው።

መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቁም፤ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል፤ ክሪክ ብቻውን ስለማይታመን ጽኑ መደገፊያ ይግባበት። የቀኙ የሞተር መያዣ ስለሚፈታ፣ ሞተሩ ከሥሩ እንጨት በተነጠፈለት ክሪክ ይደገፋል። ካንዴላዎቹን አስቀድሞ ማውጣት ሞተሩን በእጅ ማዞር ያቀልላል።

የሥራው ምሥጢር ያለው ግን በምልክቶቹ ላይ ነው። የአንደኛው ሲሊንደር ፒስተን ወደ ላይ ሲደርስ የክራንክ ፑሊው ምልክት ከዜሮው ጋር ይገጥማል፤ ዳሩ ግን ክራንኩ ሁለት ጊዜ ስለሚዞር ይህ ምልክት በሁለቱም ዙር ይገጥማልና፣ የካምሻፍቱም ምልክት በቦታው መሆኑን ሳያዩ አሮጌውን ቺንጊያ መፍታት ትልቅ ስሕተት ነው። ሁለቱም ከተስማሙ በኋላ በነጭ ቀለም ምልክት ይደረግባቸው። አሮጌው ከወጣ በኋላ አዲሱ ቺንጊያ ሳይታጠፍ፣ ዘይትም ሳይነካው ይገባል፤ መወጠሪያው በሌለበት በኩል አስቀድሞ ይወጠርና ልሉ ሁሉ ወደ መወጠሪያው ይሰበሰባል።

ከዚያም ክራንኩ በቁልፍ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ፣ ሁለት ሙሉ ዙር በዝግታ ይዞራል፤ ካሙ ወደ ስፍራው የሚመለሰው በሁለተኛው ዙር ነውና። ምልክቶቹ እንደገና ካልገጠሙ፣ የደከመ ሰው ምንም ያህል ቢከብደው፣ አውጥቶ እንደገና መጀመር አለበት። በመሀሉ ጠንካራ ነገር ቢያግድ ፈጽሞ በኃይል አይገፋም፤ ሁለቱ በሚጋጩባቸው ሞተሮች ፒስተን ቫልቭ ነክቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ዙር ዘልለው በቀጥታ ሞተር የሚያስነሡ ሰዎች በጥቂት ደቂቃ ችኮላ የሞተሩን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላሉ፤ እኔ ከሥራው ሁሉ ይህችን ስፍራ አጥብቄ የማሳስበውም ስለዚህ ነው።

ሞተሩ ተፈትቶ ሳለ የመወጠሪያው ኩሽኔታ የሚጮኽ ወይም ኦይል ሲል የሚባለው የዘይት ማገጃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ አብሮ ይለወጥ፤ ዘይት አዲሱን ጎማ ቶሎ ያበላሸዋልና። ቺንጊያ ደግሞ ያገለገለ አይገዛም፤ ዕድሜው በዓይን አይታወቅም።

እንደ ላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ ባሉ የናፍጣ ሞተሮች ግን ይኸው ቺንጊያ የናፍጣውንም ፓምፕ ስለሚያዞር ሦስተኛ ምልክት ይጨመራልና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ልምድ ያለው መካኒክ አጠገቡ ይኑር። በእነዚህ መኪናዎች ዳሽቦርድ ላይ የምትበራው የቺንጊያ መብራትም የምትቈጥረው ኪሎ ሜትሩን ብቻ እንጂ የጎማውን መድረቅ ወይም የዘይቱን መንጠባጠብ ስላልሆነ፣ አልበራችም ተብሎ ሽፋኑን ከፍቶ ማየት አይቀርም።