ስለ ስኒና ስለ ቻይና ሸክላ ኅብረ ቀለም

ስኒ የምንለው ቃል ከዐረብኛው «ጺኒ» የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም «ቻይናዊ» ማለት ነው። የሊባኖስ ሰዎች ትሪን «ጺንያ» ማለታቸው ከዚሁ ነው፤ ትሪው ከናስ ቢሠራ እንኳ ስሙ የቻይና ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን የቃል ምርመራ ብቻ አይደለም። በቤይሩት በአሽረፊየ ሰፈር ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እኅታችን የጥንት የአበባ ማስቀመጫ በሻካራ ስፖንጅ ብታጥብ፥ ወርቁ ለቀቀ፥ የጽጌረዳ መልክ ያለው አበባም ተጫጭሮ ደበዘዘ፤ ሰማያዊው ሐረግ ግን እንደ ነበረ ቀረ። ጥፋቱም ከደመወዟ ተቈረጠባት። «አባቴ፥ በአንድ ዕቃ ላይ ሳሉ አንዱ ለቆ ሌላው ስለ ምን ጸና?» ብላ ጠየቀችኝ።

ምክንያቱ የእሳቱ ልዩነት ነው። ጂንግደዠን በተባለችው ከተማ ሠሪዎቹ ካኦሊን የሚባለውን ነጭ አፈር ከድንጋይ ዱቄት ጋራ ለውሰው ዕቃውን ያበጁታል። ሰማያዊው ቀለም ኮባልት ነው፤ ገና ባልተተኰሰው ገላ ላይ ይሣልና፥ በላዩ መስታወት የሚሆነው ልባስ ይደረብበታል፤ ከዚያም 1300 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ እቶን አብረው ይተኰሳሉ። ስለዚህ ሰማያዊው ከመስታወቱ በታች ተቀብሯል፤ ስፖንጅ አያገኘውም።

ሌሎቹ ቀለማት ግን አብዛኞቹ ይህን እሳት አይችሉም። ስለዚህ እርሳስ ያለበት የመስታወት ዱቄት ይዘጋጃል፤ ለአረንጓዴ መዳብ፥ ለሐምራዊ ማንጋኒዝ ይገባበታል። ኢናሜል የሚባለው ይህ ነው። በተተኰሰው ልባስ ላይ ተሥሎ ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ባለው እሳት ዳግመኛ ይተኰሳል፤ ቀልጦ ይጣበቃል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ወርቁ ከዚያም ባነሰ እሳት በስሱ የሚቀባ ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ የሚለቀው እርሱ ነው።

በቼንግኋ ዘመነ መንግሥት (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1465–1487) ሁለቱን ጥበብ አንድ አደረጉ፤ የሥዕሉን ጠርዝ በሰማያዊ ከልባሱ በታች ነድፈው፥ መካከሉን ከላይ በኢናሜል ሞሉት። የእኛም ሠዓልያን በብራና ላይ መጀመሪያ ይነድፋሉ፥ ኋላ ቀለም ይሞላሉ፤ በእነዚያ ግን በንድፉና በሙሌቱ መካከል እሳት አለ። ከ1720 ወዲህ ደግሞ የጽጌረዳውን መልክ ከወርቅ አወጡት። ወርቅ እጅግ ሲደቅ ቢጫ ሳይሆን ቀይ መሆኑ ይደንቃል። ፈረንሳዮች «ፋሚይ ሮዝ» ያሉት ይህንን ነው።

በቤይሩት በ2006 የተከፈተው የሮበርት ሙዓወድ ሙዚየም የቻይና ሸክላ ከሰበሰቡት አንዱ ነው፤ ቤቱ አስቀድሞ የአንሪ ፈርዖን ነበረ (ፈርዖን የቤተ ሰቡ ስም ነው፥ አንባቢ አይደነቅ)።

ዕቃውን አግድም ወደ ብርሃን ቢያዘነብሉት ኢናሜሉ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በጣትም ይዳሰሳል። እንዲህ ያለው በለብታ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ አይፈተግ፤ ኮምጣጤም አይንካው፥ እርሳስ ያለበትን ቀለም ይበላዋልና። ከታች በተጻፈው የንጉሥ ስም ብቻ ግን ዘመኑን አይፍረዱ፤ በካንግሺ ዘመን (1662–1722) የተሠሩ ብዙ ዕቃዎች የቼንግኋን ስም ይዘዋል።

እኅታችን ይህን ሁሉ ለአሠሪዋ አስረዳች። ዛሬ የምትጠርገው በለስላሳ ብሩሽ ነው፤ የተቈረጠባት ደመወዝ ግን ገና አልተመለሰላትም።