መጽሐፍ በእጅ ሲሠራ፤ ከሐረር ግንብ እስከ ድሬዳዋ ጣቢያ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን አባባል የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ነገር ግን መጽሐፉን ራሱን ማን ሠራው፤ በምን ሠራው፤ ሙያውስ ለማን ተወረሰ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ሰው ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣ ያሰብነው ይህንኑ ጉዳይ ሲሆን፤ የምንነጋገርባትም ከተማ ድሬዳዋ ናት።

ድሬዳዋንና መጽሐፍን ምን አገናኛቸው የሚል አይጠፋም። ስለ ድሬዳዋ ሲወራ የሚነሣው ምድር ባቡሩ፤ የከዚራ ዛፎች ጥላ፤ የቀፊራ ገበያና ሙቀቱ ነውና። ይሁን እንጂ በዚህች ከተማ ዙሪያ ሦስት የመጽሐፍ ሙያዎች ተጎራብተው መኖራቸውን ስንረዳ መገረማችን አልቀረም።

የመጀመሪያው ሁላችንም የምናውቀው የቤተ ክርስቲያን ብራና ነው። የፍየሉ ቆዳ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ተወጥሮ ጠጉሩና ሥጋው ይፋቃል፤ በድንጋይ ታሽቶ ይለሰልሳል፤ ሲደርቅም በልክ ይቆረጣል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ይቀመማል፤ ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል። ቁም ጸሐፊው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ጥራዙ ተሰፍቶ የእንጨት ገበታ ይገባለታል፤ ገበታው በድጉስ ቆዳ ይለበጣል፤ መጽሐፉ የሚንጠለጠልበት ማኅደርም ይሰፋለታል። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ብዙ ፍየሎች የታረዱበትና ብዙ ወራት የተደከመበት ሀብት ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ሙያ ከድሬዳዋ በደንገጎ ዳገት ወጥተን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ የምናገኘው የሐረር ነው። የሐረር ሊቃውንት ቁርኣኑንና የሃይማኖት ትምህርቱን የጻፉት በብራና ሳይሆን በወረቀት ነው። ወረቀት በቻይና ተጀምሮ በስምንተኛው መቶ ዓመት ወደ እስላሙ ዓለም ተሻገረ፤ ከዚያም ኢጣሊያኖች ተማሩት። ለምሥራቁ ገበያ ተብሎ በኢጣሊያ ይሠራ የነበረው ወረቀት በመርከብና በግመል እስከ ሐረር ደርሷል። ከእነዚህ የቆዩ መጻሕፍት አንዱን ቅጠል ወደ ብርሃን ቢያነሡት በወረቀቱ ውስጥ ሦስት ጨረቃዎች ተሰልፈው ይታያሉ፤ የሠሪው ምልክት ነው።

ወረቀቱ ከባሕር ማዶ ቢመጣም መጽሐፍ የሚሆነው በሐረር ነበር። የሐረር ጠራዥ ቅጠሎቹን ሰፍቶ በቆዳ ይለብጣል፤ በቆዳው ላይ መካከሉንና ማዕዘኑን በማኅተም እየተጫነ ሐረግ ያወጣበታል፤ በአንደኛው በኩልም ታጥፎ ገጾቹን የሚሸፍን ክዳን ያደርግለታል። በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ስለ ከተማይቱ ብዙ ክፉ ነገር ጽፏል፤ የአጠራረዙን ሙያ ግን ከፋርስ በቀር የሚበልጠው የምሥራቅ አገር የለም ብሎ አመስግኗል። የማያመሰግን ሰው ሲያመሰግን ምስጋናው ይታመናል።

ሦስተኛው ሙያ ሕትመት ነው። ምድር ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላቃተው በ1902 እ.ኤ.አ. ከሥር ቆመና ድሬዳዋ ተወለደች። የካፑቺን ሚሲዮናውያን በ1905 እ.ኤ.አ. በሐረር በቅዱስ አልዓዛር የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር አንድ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ማተም ጀምረው ነበር፤ ማተሚያውም በኋላ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። የባእትማን የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት በ1929 እ.ኤ.አ. የታተመው በዚሁ በድሬዳዋው የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት ነው። የአማርኛን ቃላት የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ ሰድረው መዝገበ ቃላት ያወጡ እጆች በዚህች ሞቃት ከተማ ነበሩ።

ታዲያ እነዚያ ሁሉ እጆች ዛሬ ወዴት አሉ? የታተመ መጽሐፍ ሲረክስ የሐረር ጠራዦች ሥራ ፈቱ፤ አባት ለልጁ ሳያስተምር መቅረት ጀመረ። ሙያው ጨርሶ እንዳይጠፋ ከደከሙት መካከል በሐረር ሙዚየም ያቋቋሙት አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ይገኛሉ። እሳቸው የድሮ መጻሕፍትን ከየቤቱ ሰብስበው ከማስቀመጣቸውም በላይ የአጠራረዙን ጥበብ ራሳቸው ተምረው የተጎዱትን ይጠግናሉ። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ተግባር ነው። ነገር ግን አንድ ሙያ በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ሊያሳስበን ይገባል። በመስተዋት ውስጥ ያለ መጽሐፍ ሺህ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ በእጅ ውስጥ ያለ ሙያ ግን ለሌላ እጅ ካልተላለፈ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። ድሬዳዋ ለመጽሐፍ ሙያ የሚሆን የሥራ ቤት ይኑራት። ብራና የሚፍቀው፤ በሐረር ወግ የሚጠርዘውና የእርሳስ ፊደል የሚሰድረው በአንድ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ እያንዳንዳቸውም ደቀ መዛሙርት ይኑሯቸው። በእጅ የሚሠራ ወረቀትም ይጨመርበት። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ቃጫ ወይም የማሽላ አገዳ ተከትፎ ከአመድ ውሃ ጋር ይቀቀላል፤ ታጥቦ ይወቀጣል፤ በገንዳ ውሃ ውስጥ ይበተናል፤ ከዚያም በወንፊት ተጠልሎ ተጨምቆ ይሰጣል። አገዳ ከሐረርጌ ገበሬ፤ ፀሐይ ከድሬዳዋ ሰማይ እንደ ልብ ይገኛል።

በእጅ የተሠራ ወረቀት ከፋብሪካው ጋር በዋጋ አይወዳደርም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። እውነት ነው፤ ለተማሪ ደብተር ይሁን አላልንም። ነገር ግን የተቀደደ የድሮ ቅጠል የሚጠገነው በዚህ ዓይነት ጠንካራ ወረቀት ነው፤ የሠርግ ጥሪ፤ የምስክር ወረቀትና ለእንግዳ የሚሰጥ ስጦታም ገበያ አለው። ምስጥና እርጥበት ያገኛቸው መጻሕፍት በየመስጊዱ፤ በየቤተ ክርስቲያኑና በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ጠጋኝ ይጠብቃሉ። ሥራው ሳይጠፋ ሠራተኛው እንዲጠፋ መፍቀድ አይገባም።

ብራናው የደብሩ፤ ጥራዙ የመስጊዱ፤ የእርሳሱ ፊደል የሚሲዮኑ ነበር። የሁሉም መጽሐፍ ግን በመርፌና በክር ተሰፍቷል። በዓይነቱ የበዛ ሕዝብ በአንድ ገበያ ለምትሰበስበው ድሬዳዋ ከዚህ የተሻለ የጋራ ቤት አይገኝም። የከተማው አስተዳደር፤ ዩኒቨርሲቲውና ነጋዴው ይምከሩበት። የሚያውቁት እጆች ገና ሳሉ ይሁን እንላለን።