መዳፍን የሚያልፈው ቀይ ብርሃን

መብራት በጠፋ ምሽት ያደገ ልጅ ይህን ጨዋታ ያውቀዋል። ባትሪ አብርቶ መስተዋቱን በመዳፉ ሲከድነው ጣቶቹ እንደ ፍም ይቀላሉ። ባትሪው የሚያወጣው ነጭ ብርሃን ነው፤ በሌላ በኩል የሚወጣው ግን ቀይ ብቻ ነው። ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ደማችን መንገድ ላይ ያስቀረዋል፤ ቀዩ ሾልኮ ያልፋል። ዛሬ “የቀይ ብርሃን ሕክምና” እየተባለ የሚሸጠው ነገር የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው።

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ያለችው ዋይትሆል ዙሪያዋን በኮሎምበስ ከተማ የተከበበች፣ ሃያ ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። የእኛ ሰዎችም በዚሁ አካባቢ ይኖራሉ። ዌርሃውስ ውስጥ ቆሞ ያደረ ሰው ጠዋት ቤቱ ገብቶ ጉልበቱን እያሻሸ ስልኩን ሲከፍት፣ የቀይ ብርሃን ቀበቶና ጭንብል ማስታወቂያ ይጠብቀዋል። ይግዛው ወይስ ይተወው? ለመወሰን ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት፤ ለየትኛው ሕመም? በምን ያህል መጠን?

ሕክምናው የተገኘው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967፣ ሌዘር ከተሠራ ገና ሰባት ዓመቱ ሳለ፣ ሃንጋሪያዊው ሐኪም ኤንድሬ ሜስተር ቡዳፔስት ውስጥ ሌዘር በካንሰር ላይ ያለውን ተፅዕኖ ይመረምር ነበር። የአይጦችን ጀርባ ላጭቶ ደካማ ቀይ ሌዘር አበራባቸው። አይጦቹ ካንሰር አልያዛቸውም፤ ብርሃን ያረፈባቸው ግን ጸጉራቸው ካልበራባቸው ቀድሞ በቀለ። ሜስተር ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ማይድኑ ቁስሎች አዞረ።

ይህ ብርሃን እንደ ቀዶ ሕክምና ሌዘር አይቆርጥም፣ አያቃጥልም። በየሕዋሳችን ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ወፍጮዎች አሉ፤ ከምግብና ከኦክስጅን ኤቲፒ የተባለውን የሕዋስ ስንቅ ይፈጫሉ። ከወፍጮው ክፍሎች አንዱ፣ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም፣ ቀይ ብርሃንንና በዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ይመጥጣል። ብዙ ተመራማሪዎች የሚደግፉት መላ ምት እንዲህ ይላል፦ ሕዋሱ ሲጎዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ ኢንዛይሙ ላይ ተለጥፎ ወፍጮውን ያዘገየዋል፤ ብርሃኑ ሲያላቅቀው መፍጨቱ ይቀጥላል፣ እብጠትና ሕመምም ይቀንሳል። መላ ምቱ ዛሬም ክርክር አላጣውም።

“ሲበዛ ማርም ይመራል” ይባላል፤ ለዚህ ብርሃን የተነገረ ይመስላል። ሲያንስ ምንም አይሠራም፤ ሲበዛ ደግሞ የጀመረውን ፈውስ መልሶ ሊገታ ይችላል። የመጠኑ መለኪያ ጁል ነው። 0.1 ዋት ኃይል ያለው መሣሪያ አንድ ቦታ ላይ 60 ሰከንድ ቢበራ 6 ጁል ይሰጣል። የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 በጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ላይ የተደረጉ 22 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። ከ785 እስከ 860 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሌዘር በየነጥቡ ከ4 እስከ 8 ጁል ሲሰጥ ሕመሙን አስታግሷል፤ ከሚመከረው መጠን ውጭ የተሰጠው ግን ያን ያህል ፋይዳ አላሳየም።

ጠንካራው ማስረጃ ያለው ግን ከጉልበት ይልቅ አፍ ውስጥ ነው። በራስና በአንገት ካንሰር ምክንያት ጨረር የሚወስዱ፣ እንዲሁም የመቅኔ ንቅለ ተከላ የሚደረግላቸው ሕሙማን አፋቸው ይቆስላል፤ ምራቅ መዋጥ እንኳ ጭንቅ ይሆንባቸዋል። ቁስለቱን አስቀድሞ ለመከላከል በሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጥን የብርሃን ሕክምና ዓለም አቀፍ የካንሰር ድጋፍ ሕክምና መመሪያዎች ለእነዚህ ሕሙማን ይመክራሉ። የእንግሊዙ የጤና መመሪያ ተቋም ናይስም እ.ኤ.አ. በ2018 ተቀብሎታል።

የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸጉር ለሚያበቅል የሌዘር ማበጠሪያ፣ በኖቬምበር 2024 ደግሞ በዕድሜ ለሚመጣ አንድ ዓይነት የዓይን ሕመም ሐኪም ቤት ውስጥ ለሚሠራ መሣሪያ ፈቃድ ሰጥቷል። ይህ ማለት ግን ለቤት በሚሸጥ ቀይ መብራት ላይ ማፍጠጥ ይጠቅማል ማለት አይደለም። ሳጥኑ ላይ “ኤፍዲኤ ክሊርድ” የሚል ጽሑፍ ቢኖርም፣ ብዙውን ጊዜ መሣሪያው ቀድሞ ገበያ ላይ ከነበረ ሌላ መሣሪያ ጋር መመሳሰሉን እንጂ በሽታ ማዳኑ በጥብቅ መረጋገጡን አያሳይም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም የእግሩን ቁስል ለመብራት ትቶ ከሐኪም መቅረት የለበትም።

ቀለሙንም መለየት ያስፈልጋል። እናቶቻችን ሕፃን የጠዋት ፀሐይ ያሞቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በእንግሊዝ ሮችፎርድ ሆስፒታል አንዲት ነርስ ቢጫ የሆኑ ሕፃናትን ፀሐይ ላይ ስታወጣ ቢጫነቱ ሲደበዝዝ አየች፤ ዛሬ በየሆስፒታሉ ያለው ሰማያዊ መብራት የመጣው ከዚያ ነው። ሰማያዊው ብርሃን የሚሠራው ቆዳን ቢጫ የሚያደርገውን ቢሊሩቢን ስለሚለውጥ ነው፤ ቀዩ አይተካውም። ቢጫ የሆነ ሕፃን ደግሞ የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል ሳይባል ቶሎ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። የኦሃዮ ክረምት ድብርት ሲያመጣ የሚታዘዘውም ሌላ ነው፤ 10,000 ሉክስ ነጭ ብርሃን፣ ጠዋት ጠዋት፣ በዓይን በኩል።

ለእኛ ቆዳ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ሜላኒን ብርሃን ስለሚመጥጥ ጠቆር ያለ ቆዳ ቶሎ ይሞቃል፤ የሚታይ ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊው፣ ማድያት ሊያባብስ ይችላል። ካንሰር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር ወይም ቆዳን ለብርሃን ስስ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

ለመግዛት የወሰነ ሰው ሻጩን አራት ቁጥር ይጠይቅ፤ ስንት ናኖሜትር? ስንት ዋት? ለስንት ሰከንድ፣ ከምን ያህል ርቀት? መልስ ያልተገኘለት ዕቃ ጣት ማቅላቱ አይቀርም፤ ያን ያህሉንማ የልጅነት ባትሪያችንም ያደርገው ነበር።